ከአማት ሦስት ደረጃ ዝቅ

በጉሬዛ አምባ እራት የሚበላው በአሥር ሰዓት ነው። አሥራ አንድ ሲሆን ምድጃ ይዳፈናል፤ አሥራ አንድ ተኩል ላይ መስኮት ሁሉ ጥቁር ብርድ ልብስ ይለብሳል፤ አሥራ ሁለት ሲል መንደሩ የለም። ሰርግ በጠዋት ነው፣ ጨዋታ በቀትር። አዋላጇ ልጅ የምትቀበለው በእጇ እያየች ነው። የአምባው ሴቶች በጨለማ ሽንኩርት መክተፍ ከጀመሩ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ጣቷ ላይ ጠባሳ የሌላት ሴት ከታየች እንግዳ ናት፣ ከየት መጣሽ ትባላለች።

ይህ ሁሉ መከራ የመንደር ብርሃን ሰማዩን እንዳያደበዝዝበት ለአንድ የሰማይ መነጽር ሲባል ነው። መነጽሩ ከአምባው አናት ላይ፣ ጣሪያው እንደ ድስት ክዳን በሚከፈት ክብ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። የሚያዩበት ሁለት ሰዎች ናቸው። ሥራቸው «ዓይን» ይባላል፤ የቅጥር ደብዳቤያቸው ላይም የተጻፈው እንደዚያው ነው። አንደኛው ዓይን ጋሽ ማክቤል ነው፤ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር የቀረው፣ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ የሚንቋቋ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው። ሁለተኛዋ እትዬ ኤልዳና ናት። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ከአራተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት የላትም። ከአፏ «እሺ» የሚል ቃል ሲወጣ የሰማ ሰው ቢኖር ሟች ባሏ ብቻ ነበር፤ እሱም «አንድ ጊዜ፣ ያውም በሰርጋችን ቀን» ይል ነበር።

ሰው ለምን በገዛ ዓይኑ ሰማይ ያያል ብሎ የሚጠይቅ በዚያ ዘመን አልነበረም። ያየውን የሚያሳይ ካሜራ ከምድር ላይ ከጠፋ ቆይቷል። ሁሉም ያሳምራል። የስልኩም ያሳምራል፣ የመታወቂያውም፣ የሐኪም ቤቱም። ብጉር ያጠፋል፣ ጥርስ ያነጣል፣ የጎደለውን ይሞላል፣ ያልጠበቀውን ይሰርዛል። ሰማዩንም እንደዚያው። ባልተጠበቀ ቦታ ኮከብ ብቅ ካለ ቆሻሻ መስሎት ይጠርገዋል፤ መውጣቱ ከተወራ ደግሞ አበባ አድርጎ ይስለዋል። የማያሳምር ካሜራ እንሥራ ያሉ ነበሩ አሉ። ካሜራ የሚሠራው ማሽን ራሱ ማሳመር ስለለመደ አልሆነላቸውም።

እትዬ ኤልዳና ባሏ ሲሞት ለለቅሶው ድንኳን ፎቶ አሳትማ ሰቅላ ነበር። ፎቶው ውስጥ ያለው ሰው ግንባሩ ላይ በሬ የወጋው ጠባሳ የለውም፤ ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ጆሮዎቹ ተካክለዋል። ለቀስተኛው «እንዴት ያለ መልከ መልካም!» እያለ ደረቱን ሲመታ፣ እሷ ተነሥታ ፎቶውን አወረደችና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው።

«ምነው?» አሏት።

«የሰው ባል ሰቅዬ አላለቅስም» አለች።

ወደዚህ ሥራ የገባችው አዳማ ቦሎቄ መጋዘን ተቀምጣ ስትለቅም ከኖረች በኋላ ነው። የሰማይን ርቀት የሚያስለካው የርቀት ጽሕፈት ቤት ዓይን ፈላጊ ሆኖ ሲመጣ መቶ ግራጫ ካርድ ጠረጴዛ ላይ በትኖ «ከነጩ ወደ ጥቁሩ ደርድሩ» ይል ነበር። ባለ ዲግሪዎቹ ሠላሳኛው ላይ ሲደናበሩ እሷ ደርድራ ጨረሰችና አንዷን ካርድ መልሳ ሰጠቻቸው፤ «ይቺ ሁለት ጊዜ ገብታለች» ብላ። እውነትም ገብታ ነበር። ከመጋዘኑ ይዛ የወጣችው ግን ዓይኗን ብቻ አይደለም። አንድ ቀን ነጋዴው የሻገተውን ቦሎቄ በዘይት አሽቶ ከደህናው ሲቀላቅል ደርሳበታለች። ከዚያ ወዲህ ያለ ምክንያት የሚያብለጨልጭ ነገር ካየች የዚያ ዘይት ጣዕም አፏ ውስጥ ይመጣባታል።

አዲሷ ኮከብ የወጣችው በጥር ዘጠኝ ነው።

በደቡብ በኩል እትዬ ኤልዳና መቶ ጊዜ ያየችው ጋላክሲ አለ። ጋላክሲ ይበሉት እንጂ በመነጽሩ ሲታይ ሰው መስታወት ላይ ተንፍሶ የሄደበት ነው የሚመስለው፤ ጭጋግ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ያን ቀን ገና እንደመሸ፣ ተራዋ ደርሶ ዓይኗን ስታስጠጋ፣ በጭጋጉ ጠርዝ ላይ ትናንት ያልነበረች ነጥብ ቆማለች። ዓይኗን አነሣች። ሃያ ቆጠረች። ደግማ አየች። አለች።

«ምስጋና» ብላ ተጣራች። ምስጋና ጸሐፊያቸው ናት፤ ከመጋረጃው ወዲያ በጨለማ ተቀምጣ በእርሳስ የምትጽፍ፣ ሠላሳ ያልሞላት ልጅ።

«አቤት እትዬ።»

«ጻፊ። እንግዳ መጥታለች።»

ከጭጋጉ አጠገብ ሁለት የታወቁ ኮከቦች አሉ። ደማቋን «አማት»፣ ደብዛዛዋን «ምራት» ይሏቸዋል። ስሙን ያወጣው ጋሽ ማክቤል ነው፤ «አማት ደምቃ ካልታየች በቤቱ ሰላም የለም» ብሎ። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አሥር ደረጃ አድርገው ከፋፍለውታል። የዓይን ሥራ እንግዳዋ ከአማት ስንት ደረጃ እንደምታንስ መናገር ነው። እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው ያያል፣ ለብቻው ያየውን ያስጽፋል፣ ማስታወሻው በፖስታ እስኪታሸግ ድረስ ስለ ጉዳዩ አንዱ ከሌላው ጋር አይነጋገርም።

የዚህች ዓይነቷ ኮከብ የምትታየው ስትፈነዳ ነው፤ የተማሩት እንደሚሉት፣ የትም ትፈንዳ የትም ብርሃኗ እኩል ነው። እትዬ ኤልዳና ይህን ለመረዳት ትምህርት ቤት መሄድ አላስፈለጋትም። ከገደል ማዶ አንድ ዓይነት ኩራዝ የያዙ ሁለት ሰዎች ቢሄዱ፣ ኩራዙ የደመቀው ቀርቧል፣ የደበዘዘው ርቋል። እንግዳዋ እጅግ በደመቀችበት ምሽት ከአማት ስንት እንደምታንስ ከታወቀ፣ ጭጋጉ ከእኛ ምን ያህል እንደሚርቅ ይታወቃል። የጭጋጉ ከታወቀ ከዚያ ወዲያ ያሉትም በእሱ ይሰፈራሉ። አንድ ቁጥር ናት። የሰማዩ ቁና እሷ ናት።

በመጀመሪያው ምሽት ከምራትም በታች ነበረች። በአራተኛው ቀን ከአማት ስምንት ሆነች፤ ከዚያ ስድስት፣ ከዚያ አራት። በጥር ሃያ ከአማት ሦስት። በማግስቱም ሦስት። በሦስተኛው ቀንም ሦስት። በሃያ አምስት ወደ ሦስት ተኩል ዝቅ አለች፤ ከዚያ በኋላ መውረድ ብቻ ነው። የምትደምቀውን ደምቃ ጨርሳለች።

ፖስታው በታሸገ ዕለት ከአምባው አናት እየተደጋገፉ ሲወርዱ ጋሽ ማክቤል አላስቻለውም።

«ሦስት ናት አይደል?»

«ሕጉን ጣስክ።»

«ታሸገ እኮ አንቺ ሴትዮ!»

«ሦስት ናት» አለች። «ሚዛን ላይ የተቀመጠች ሦስት።»

«እኔም ሦስት! በእናቴ ሦስት!» ብሎ እንደ ልጅ ሳቀ። «ኤልዱ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቃት የኖርኩት ጡረታዬ ደፍ ላይ መጣችልኝ። አሁን ብሞት አይቆጨኝም።»

«ሞትህን ጡረታህን ከበላህ በኋላ አድርገው።»

በሳምንቱ ዶክተር ኪሩቤል መጣ። የርቀት ጽሕፈት ቤቱ ምክትል ነው። አንድ ሙክት፣ አንድ ትልቅ ፎቶ በፍሬም፣ አንድ ጉንፋን ይዞ መጣ። ሁለቱን ዓይኖችና ምስጋናን በመነጽሩ ጣቢያ ቢሮ ሰብስቦ መጀመሪያ ፎቶውን ገለጠ። ሐምራዊ ሰማይ ላይ የተጠቀለለ የወርቅ ክር፣ በክሩ ጫፍ ጽጌረዳ የሚያህል ብርሃን።

«ምንድን ነው?» አለች እትዬ ኤልዳና።

«የእናንተው ኮከብ ነች እንጂ! ካሜራው ያነሣት። ከተማው ሁሉ በየቤቱ ሰቅሏታል።»

«ይሄ የሰርግ ኬክ ነው» አለች፤ ፊቷንም ወደ መስኮቱ መለሰች። አፏ ውስጥ የዘይት ጣዕም መጣባት።

ዶክተር ኪሩቤል አስነጠሰው። አፍንጫውን ጠርጎ ወደ ጉዳዩ ገባ። ጉዳዩን ሁሉም ያውቁታል፤ ቢሆንም ዳር እስከ ዳር አወራው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በዚህ ጭጋግ ርቀት የተነሣ ምሁራኑ ሁለት ወገን ሆነው ተጣልተው ነበር። አንደኛው ወገን ብርሃኑ ወደ እኛ ለመድረስ ሃምሳ ስምንት ሚሊዮን ዓመት ይፈጅበታል ይላል፤ ሌላው ወገን ሰባ ሁለት ሚሊዮን ነው ይላል። መማር ጠብ አያስቀርምና ተሰዳደቡ፣ በለቅሶ ቤት ጀርባ ተሰጣጡ፣ የታጩ ልጆቻቸውን አለያዩ። በመጨረሻ ሽማግሌ ገባ። ሽማግሌዎቹ የሁለቱንም ወገን ቃል ሦስት ቀን ሙሉ ሰሙ። ከዚያ «አንተ ሰባት ጨምር፣ አንተ ሰባት ቀንስ» ብለው በስልሳ አምስት ሚሊዮን አስታረቋቸው። በግ ታረደ፣ ጉልበት ተሳሳሙ። ስልሳ አምስት መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ገባ፣ የልጆች መዝሙር ውስጥ ገባ፣ ከዚያ ወዲህ የተለካ ርቀት ሁሉ በእሱ ተሰፈረ።

«እና?» አለች እትዬ ኤልዳና።

«እናማ፣ ፖስታችሁን ከፍተን አይተናል። ከአማት ሦስት ካላችሁ ሃምሳ ስምንት ይመጣል። የአንደኛው ወገን ቁጥር እንዳለ! የተዳፈነ እሳት መቆስቆስ ነው። ከአማት አምስት ብትሆን ግን ስልሳ አምስት። ልክክ ይላል።»

«ታዲያ እኔን ምን ያደርጉኛል ዶክተር? ለኮከቧ አይነግሯትም? ሁለት ደረጃ ዝቅ በይ፣ ሽማግሌ ፈርዶብሻል ይበሏት።»

ምስጋና ሳቋን በመሃረብ አፈነች። ጋሽ ማክቤል አልሳቀም። መሬት መሬት ያያል።

«እትዬ ኤልዳና፣ እርስዎን ዋሹ ያለ የለም» አለ ዶክተር ኪሩቤል፣ ድምፁን አለስልሶ። «ዓይን ሥጋ ነው። ሥጋ ይደክማል። የናንተን ቃል ከሽምግልናው ጋር አስታርቁ ነው የምንለው። ጣቢያው ያልታረቀ ቃል ከሰጠ ደንቡ ግልጽ ነው፤ ይዘጋል። ጋሽ ማክቤልም በሁለት ወር ጡረታ ሳይሆን በነገው ቀን ስንብት ይሆናል። እርስዎም እንደዚያው። ይህ ሕዝብ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት በጨለማ የተቀመጠው በከንቱ ነበር ሊባል ነው።»

«በከንቱ የሚሆነውማ አምስት ካልኩ ነው» አለች። «አምስት ለማለት ጨለማ ምን ያደርግልኛል? አምፖል ሥር ቁጭ ብዬ፣ ጎመኔን እየቀነጠስኩ አምስት አልልም?»

«ያስቡበት።»

«አሰብኩበት። አሁን፣ እያወሩ ሳለ።»

ቃል የሚሰጠው ቅዳሜ ጠዋት በሕዝብ ፊት ነው። በፖስታ የታሸገው ለዓይኑ ማስታወሻ ነው እንጂ ቃል አይባልም፤ ቃል የሚሆነው ሕዝብ ሲሰማው ነው፤ ጸሐፊዋም በመዝገቡ ላይ የምታሰፍረው ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ሦስት ቀን ነበረ።

በማግስቱ ጋሽ ማክቤል መጣ። እትዬ ኤልዳና ደጃፏ ላይ ልብስ እያሸች ነበር። ድንጋይ ስቦ ተቀመጠና ጉልበቱን ያሻሽ ጀመር።

«ኤልዱ።»

«ወዬ።»

«እኔ እንኳ ሳስበው... አምስት ያየሁ መሰለኝ።»

እጇ ሳሙናው ላይ ቆመ። «መቼ?»

«ትናንት። ጋደም ብዬ ሳስበው።»

«ጋደም ብለህ!» አለች። «ተኝቶ የሚያይ ዓይን ገና አሁን ሰማሁ። ጣሪያህን ከፍተህ ነው ወይስ ፈጣሪ በሕልም አሳየህ?»

«አትቀልጂብኝ።»

«አንተ እኮ ነህ የምትቀልድ! ሃያ ዓመት ሙሉ ስትቀልድብኝ ኖረህ ዛሬ እንዲህ ያለ ቀልድ ታመጣብኛለህ?»

ድምፁ ተሰበረ። «የት ልውደቅ? ቤቱ የጣቢያው ነው። ሚስቴ ከአልጋ አትነሣም። በስንብት ወረቀት ማን መድኃኒት ይሰጠኛል? አንዲት ቁጥር እኮ ናት፣ ኤልዱዬ። ኮከቧ እንደሆን ፈንድታ ያለቀችው ሰው የሚባል ነገር ሳይፈጠር ነው። እኛ ሦስት ብንላት አምስት ብንላት ምን ቅር ይላታል?»

«እሷን ቅር አይላትም» አለች። «እኔን ግን ያስመልሰኛል።»

«ሁለታችን አንድ ላይ አምስት ካልን ማንም አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ። አንተ ታውቃለህ። ተመልከት፣ ከአሁኑ ዓይኔን ማየት አቅቶሃል።»

ተነሥቶ ሄደ። ጉልበቱ ሲንቋቋ እስከ አጥሩ ድረስ ተሰማት። ጠላችው። ወዲያው አሳዘናት። ያሳዘነችኝ ሚስቱ ናት ብላ አሰበች፤ ፊቷ ወደ ግድግዳ የዞረ፣ እግሮቿ ያበጡ ሴት። ልብሱን እንዳለ ትታ ወደ ጓዳ ገባች፤ እንስራው ላይ አጎንብሳ፣ ማንም በሌለበት፣ እስቲ ልሞክረው ብላ «አምስት» አለች።

እንስራው «አምስት» ብሎ መለሰላት።

ምራቋ መረረ። የዘይቱ ጣዕም ከጉሮሮዋ እስከ ምላሷ ጫፍ ወጣ። የሻገተውን ቦሎቄ እፍኝ ሙሉ የቃመች መሰላት። ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጠች፣ ሦስቱንም ጊዜ ደጅ ወጥታ ተፋች። ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ለማክቤል ሚስት ግን ቁርጥራጭ ሥጋ ቀቅላ በጎረቤት ላከች፤ ለእሱ እንዳይሰጡት አስጠንቅቃ።

ቅዳሜ ጠዋት ሕዝቡ ከአምባው ሥር ባለው ሜዳ ተሰበሰበ። በአራቱም ማዕዘን ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል። ከመድረኩ ኋላ ሙክቱ ታርዶ ተሰቅሏል፤ ጮማው ፀሐይ መትቶት ያብለጨልጫል። የወርቅ ጽጌረዳዋ ፎቶ መድረኩ ላይ ቆማለች፤ ሰዎች እየቀረቡ ይሳለሟታል። እትዬ ኤልዳና አየችና አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፈነች።

ዶክተር ኪሩቤል ሊናገር ተነሣ። ጉንፋኑ ብሶበታል፤ በየሁለት ቃሉ ያስለዋል፣ አክታ ይውጣል፣ ይንተባተባል። ከማጉያው የሚወጣው ድምፅ ግን እንደ ውኃ የጠራ ነው፤ ሳል የለ፣ አክታ የለ፣ መንተባተብ የለ። ሰውዬው መድረኩ ላይ ሲጎብጥና ሲያስል፣ ድምፁ በሜዳው ላይ ተረጋግቶ ይናገራል። ማንም አልተገረመም። ማጉያ ያሳምራል፤ የታወቀ ነው።

«የመጀመሪያው ዓይን፣ ጋሽ ማክቤል።»

ጋሽ ማክቤል ወጣ። ቀልድ አልነገረም። «ከአማት አምስት» አለ። ማጉያውም «ከአማት አምስት» አለ። ወርዶ ከሁሉ ኋላ ተቀመጠ።

«ሁለተኛዋ ዓይን፣ እትዬ ኤልዳና።»

ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ከዚህ በፊት በዚህ መድረክ አሥራ አምስት ጊዜ ቃል ሰጥታለች። አንድም ቀን ከተጠበቀው የተለየ ነገር ተናግራ አታውቅም፤ ሰማዩም ያልተጠበቀ ነገር አድርጎ አያውቅም ነበር። ማይክሮፎኑን አፏ ድረስ ሳበችውና፣ የገበያ ሰው እንደሚጣራ፣ ከሆዷ፦

«ከአማት ሦስት!»

«ከአማት አምስት» አለ ማጉያው።

የራሷ ድምፅ ነው። ጉሮሮዋ ላይ ያለው መሻከር ግን የለበትም፤ ወጣት፣ ለስላሳ፣ ደስተኛ የሆነች ኤልዳና ናት። ሕዝቡ አጨበጨበ። እትዬ ኤልዳና ዞር ብላ ማን እንደተናገረ ፈለገች። ሰው የለም።

«ሦስት!» አለች።

«አምስት» አለች ያቺ ሴት በአራቱም ማዕዘን።

ምስጋና ከመድረኩ ጥግ መዝገቡን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ትጽፋለች። እትዬ ኤልዳና ደረሰችባት። «ምን ጻፍሽ?»

ልጅቷ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። «አምስት።»

«አፌን እያየሽ? እዚህ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቁጭ ብለሽ?»

«እትዬ፣ ደንቡ...» አለች በሹክሹክታ። «ደንቡ ሕዝቡ የሰማውን ጻፊ ነው የሚለው። ብሰማሽም ምን ላድርግ?»

እትዬ ኤልዳና ከመድረኩ ዘላ ወረደች። ያለ ማጉያ፣ ከፊተኛው ረድፍ ጫፍ ጀምራ፣ «ሦስት ነው ያልኩት! ሦስት!» እያለች ሄደች። በዓይኗ ያየችውን፣ በአፏ ያለችውን፣ አንድ በአንድ ፊታቸው ቆማ ነገረቻቸው። ፊተኞቹ ሰሙ። ሁለተኛውም ረድፍ ሰማ። ከዚያ ወዲያ ያለው ምን አለች፣ ምን ሆነች እያለ ይጠያየቃል። ሜዳው ንብ እንደገባበት ይተም ጀመር። አንዱ «ማጉያው ተበላሽቷል» ይላል፣ ሌላው «ሴትዮዋ ተበላሽታለች» ይላል።

ያን ጊዜ አባባ ናሆም ተነሡ። ሰማንያ ዓመታቸው ነው። በአምባው ያልታረቀ ባልና ሚስት ካለ እሳቸው ስለታመሙ ነው ይባላል። ሰው እየደገፋቸው፣ በትራቸውን እያስቀደሙ ወጡና ማይክሮፎኑ ፊት ቆሙ። ሰዉ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

«ልጆቼ» አሉ። «ጠብ ምን ያደርግልናል። ኤልዳና ሦስት አለች። ማጉያው አምስት አለ። ሁለቱም የእሷ ድምፅ ነው። አንዱን አክብረን ሌላውን ብናዋርድ ደግ አይደለም።» ወደ እሷ ዞሩ፤ ዓይናቸው በፍቅር ተሞልቷል። «ነይ የኔ ልጅ። አንቺ አንድ ጨምሪ። እሱም አንድ ይቀንስ። ከአማት አራት ይሁን። ለሰላም ብለሽ።»

«ይሁን! ይሁን!» አለ ሕዝቡ።

ዶክተር ኪሩቤል በጣቱ አየር ላይ ሲያሰላ ቆየና ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። «ስልሳ አንድ ከምናምን ይመጣል» አለ። «ሁለቱም ወገን ሊቀበሉት ይችላሉ። እንዲያውም ያማረ ነው።»

እትዬ ኤልዳና ፊታቸውን አየች። ሃያ ሁለት ዓመት በጨለማ የኖሩላት ጎረቤቶቿ ናቸው። ጣታቸው ላይ ያለውን ጠባሳ አንድ በአንድ ታውቀዋለች። አንድም ክፉ ሰው የለበትም። ሁሉም ይለምኗታል፤ ሁሉም ይወዷታል፤ አንዷ «አይዞሽ» ትላለች፣ ሌላዋ ምላሷን ለእልልታ አዘጋጅታለች። ከሁሉ ኋላ ጋሽ ማክቤል እጆቹን እንደ ጸሎት አጣምሮ ቆሟል። ከክፉ ሰው ቢመጣ ኖሮ ትሳደብ ነበር። ከእነዚህ ደጋግ ሰዎች ሲመጣ ግን ስድብ አጣችለት። የዘይቱ ጣዕም እንደገና አፏን ሞላው።

መድረኩ ላይ ወጣች። አባባ ናሆም እጇን ይዘው ወደ ማይክሮፎኑ አስጠጓት።

«ሦስት» አለች፣ ቀስ ብላ፣ ጥርት አድርጋ።

«አራት» አለ ማጉያው።

እልልታው ሜዳውን አናወጠው። ሰው ተነሥቶ ይተቃቀፋል። አባባ ናሆም ግንባሯን ሳሟትና መረቋት። ጋሽ ማክቤል እያለቀሰ ያጨበጭባል። አንዱ ከኋላ ቢላውን እየሳለ ወደ ሙክቱ አመራ። ምስጋና አንገቷን ደፍታ አምስትን ሰርዛ አራትን ጻፈች።

እትዬ ኤልዳና ዓይኗን ከሕዝቡ ላይ ሳትነቅል አፏ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሰበሰበች፤ መራራውን፣ ዘይት ዘይት የሚለውን፣ የሦስት ቀኑን። ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ አለችና ጢቅ አድርጋ ተፋችበት።

«አመሰግናለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለ ማጉያው፣ በዚያ ባማረ ድምፅዋ።

ምስጋና እሱንም ጻፈችው።